መሪህ በሆዳን ሰማይ

እንቁ በዚያ ቤት ካለው ሥራ ሁሉ አጥብቃ የምትጠላው ጣሪያ ላይ መውጣትን ነበር። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥታ፣ አንገቷን እንደ ደፋች የደረቀውን ሰብስባ፣ እየሮጠች ትወርዳለች። ከመሸ ግን ገመዱ ላይ የቀረ ልብስ እስኪነጋ እዚያው ያድራል። የቤቱ እመቤት ኻሊዳ፣ እንቁ ሥራ ጠልታ ይመስላት ነበር። እንቁ የምትሸሸው ሰማዩን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ከጅቡቲ በፊት፣ ገና ወሎ መርሳ ሳለች የጀመረ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ታጨች። የሙሽራው አባት ከሠርጉ በፊት የልጁንና የእሷን ስም ይዘው ኮከብ ወደሚቆጥር ደብተራ ሄዱ። ደብተራው ስሟን ከእናቷ ስም ጋር ደምሮ በአሥራ ሁለት ከገደፈ በኋላ፣ “ኮከቧ አቅራብ ነው፤ ገዢዋ መሪህ። መሪህ ደም ይወዳል። ከእሷ ጋር ጎጆ የቀለሰ ወንድ ዓመት አይደፍንም” አላቸው። ጋብቻው ፈረሰ። በዚያው ዓመት ልጁ ከተጫነ አይሱዙ ላይ ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያያት ዓይኑን ቶሎ ይሰብር ጀመር። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ ጥላዋ እንዳያርፍባቸው ገለል ይላሉ። እንቁ ሁለት ዓመት ቻለችው። ከዚያ አንድ ደላላ ተከትላ ድሬዳዋ ደረሰች፤ ከዚያ በባቡር እስከ ደወሌ መጣች፤ ድንበሩን በእግሯ አልፋ ጅቡቲ ገባች።

ሆዳን በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ያገኘችው ቤት ደግ ቤት ነበር። ኻሊዳ ወደብ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። አባቷ ባሺር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይንስ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ኖረው ስለነበር አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። የዓይን ግፊት ግን ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶባቸዋል። ቀንና ሌሊትን ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈ የለም። እንቁ “አባባ” ትላቸዋለች።

በፈረንጆቹ 2003 ዓ.ም. በክረምቱ አጋማሽ፣ ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ እስከ ነሐሴ ሃያ አምስት አገሩን ለቆ ይውጣ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። እንቁ ወረቀት አልነበራትም። የጎረቤት ዘበኛ የነበረው ጉዲና አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ፍራሹ በሩ ሥር ሦስት ቀን ከተዘረጋ በኋላ አሠሪዎቹ አነሡት። እንቁ ሱቅ መላላክ ተወች። በር ሲንኳኳ እጇ ላይ ያለውን ዕቃ አስቀምጣ ጓዳ ትገባለች።

በዚያው ሰሞን ነው አባባ ባሺር የጠሯት።

“እንቁ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ” አሉ። “ዓይንሽን አውሺኝ።”

“ምን ላድርግ፣ አባባ?”

“በዚህ ወር አል-መሪኽ፣ ፈረንጆቹ ማርስ የሚሉት፣ ወደ ምድር ይቀርባል። እንዲህ ከቀረበ ወደ ስልሳ ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬ፣ ሲመጣ ዓይኔ ሄደ። ማታ ማታ ጣሪያ ላይ እንውጣና አንቺ እያየሽ ንገሪኝ።”

እንቁ ስሙን ስትሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ግድግዳውን ተደገፈች።

“ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ። ይሄን ግን አልችልም። ኮከብ መቁጠር ኃጢአት ነው።”

“ማን ቁጠሪ አለሽ? እዪልኝ ነው ያልኩሽ።”

ማታ ፍራሿ ላይ ተጋድማ አሰበችው። መሪህን ማየት ያስፈራታል፤ ሽማግሌውን ማስቀየም ደግሞ ይብስ ያስፈራታል። ከዚህ ቤት ብትወጣ የምትገባበት የለም፤ ወዲያው ትታፈሳለች። በማግስቱ እሺ ያለችው ደፍራ ሳይሆን የቅርቡ ፍርሃት የሩቁን አሸንፎት ነው።

የመጀመሪያው ምሽት መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነበር። ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ እየበተነ ይነፍሳል። ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸውና ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብላ ሲሚንቶውን ታይ ጀመር።

“አሁን ምንም አትዪ” አሉ። “ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። በመሐል መብራት ካየሽ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።” የእጅ ባትሪዋን ተቀብለው መስተዋቱን በቀይ ፌስታል ሸፈኑላት። ቀይ ብርሃን ዓይን አያደናግርም አሏት።

ሃያው ደቂቃ ለእንቁ ከድንበሩ መንገድ ረዘመባት። ከዚያ፣ “ጀርባሽን ለምሰግድበት ለቂብላው ስጪና ወደ ደቡብ ዙሪ። ቀና በዪ። የተያያዘ፣ ጅራቱ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነገር ፈልጊ” አሉ።

ቀና አለች። ለዓመታት ሸሽታው የኖረችው ሰማይ ሙሉው ላይዋ ላይ የወረደ መሰላት። የወንበሩን እግር ጨብጣ ያዘች። መንጠቆውን ግን ወዲያው አገኘችው፤ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታያል።

“አየሁት።”

“እሱ ጊንጡ ነው፤ አል-ዐቅረብ። መሐሉ ላይ ልቡ አለ፤ ቀላ ይላል።”

አቅራብ። ደብተራው ኮከቧ ነው ያለው። “ቀዩ መሪህ ነው?” ስትል ድምፅዋ ቀጠነ።

“ደህና አድርገሽ እዪው። ይርገበገባል?”

“ይርገበገባል።”

“እንግዲያው ኮከብ ነው። መሪኽ አይርገበገብም። ወደ ምሥራቅ ዙሪ።”

ዞረች። ከአምቡሊ አየር ማረፊያ መብራቶች በላይ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ፍም ተቀምጧል። ዓይኑን ሳያርገበግብ የሚያያት መሰላት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌው ግን አላዩዋትም፤ “እንዴት ነው? ቀለሙ ምን ይመስላል? ንገሪኝ እንጂ” እያሉ እንደ ልጅ ይቁነጠነጣሉ። ከነጠላዋ ሥር፣ “ብርቱካን ይመስላል፣ አባባ” አለች። አባባ ባሺር በመዳፋቸው ጉንጫቸውን ጠረጉ።

ምሽት ምሽት መውጣት ልማድ ሆነ። ጁሜል የሚሉትን ባለ ሁለት ዓይን የሩቅ ማያ ከሣጥናቸው አውጥተው ሰጧት። በእጇ ብቻ ስትይዘው ሰማዩ ሁሉ ይዘልባታል፤ ክንድሽን የጣሪያው ከለላ ግንብ ላይ አስደግፊ አሏት፤ ረጋላት። ጨረቃ ከመሪህ አጠገብ በታየችበት ማታ መጀመሪያ እሷን እንድታይ አዘዟት። እንቁ የጨረቃዋ ፊት ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተሠረጎደውን አይታ ማመን አቃታት። መሪህ ግን በጁሜሉም ከአንዲት ደማቅ ዶቃ አላለፈም። አባባ ባሺር ይህንን አስቀድመው ነግረዋታል። “ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው” ይሉ ነበር። “ትልቅ ሆኖ ይታየኛል ብሎ ይወጣል፤ ትንሽ ሲሆንበት ይተወዋል። አንቺ ትልቅነቱን ተይውና መሄዱን እዪ።”

መሄዱን የምታየው በደብተር ነው። በየምሽቱ በዙሪያው ያሉትን ደብዛዛ ከዋክብት በእርሳስ ነጥብ ታደርጋለች፤ መሪህን በመስቀል ምልክት ታኖራለች። ከሳምንት በኋላ መስቀሎቹን ስታያይዝ ከነጥቦቹ መሐል ወደ ምዕራብ ሲንሸራተት አየችው። ፍርሃቷ አልሄደም፤ ግን የሚያስፈራትን ነገር ነገ የት እንደሚገኝ ማወቅ ጀምራ ነበር።

ነሐሴ ሃያ አንድ፣ መሪህ ከሁሉም በላይ ቀርቧል በተባለበት ቀን፣ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ወጡ። ፍሙ ከአየር ማረፊያው ብዙም አልራቀም። እንቁ ክንዷን ግንቡ ላይ አስደግፋ ጁሜሉን ወደዚያው አቀናች። ከታች መኪና ቆመ። በሩ በጡጫ ተመታ።

የኻሊዳ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የወንዶች። እንቁ ሶማልኛ የምታውቀው የገበያውን ያህል ነው፤ ቢሆንም “አየር ማረፊያ” እና “ጁሜል” የሚሉትን ለየች። ያን ጊዜ አየር ማረፊያው አጠገብ የውጭ ወታደሮች ሰፍረው ነበር። አንድ ሰው ከዚህ ጣሪያ በየምሽቱ የሚሰልላቸው አለ ብሎ ጠቁሟል። የቦት ጫማ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

ጁሜሉን አባባ ባሺር ጭን ላይ ጣለችና ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተሸጎጠች። ሁለት ፖሊሶች ወጡ፤ ኻሊዳ ተከተለቻቸው።

“በዚህ የሚያየው ማነው?” አለ ትልቁ ጁሜሉን እያመለከተ።

“እኔ ነኝ” አሉ አባባ ባሺር።

ፖሊሱ እጁን ፊታቸው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገ። ዓይናቸው አልተከተለውም።

“ሽማግሌ፣ አንተ አታይም። ማንን ነው የምትሸፍነው?”

ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ፣ “ተነሥ፣ ጣቢያ እንሂድ” አለ። እንቁ ከታንከሩ ጀርባ ሲነሡና የሚረግጡትን ሲፈልጉ አየች። ለመውጣት ስትወስን ትዝ አይላትም። ራሷን መሐል ላይ ቆማ አገኘችው።

“እኔ ነኝ” አለች።

ባትሪው ፊቷ ላይ በራ። በጣቷ ወደ ፍሙ አመለከተች። ደብተሩንም አነሣችና ዘረጋችለት። ፖሊሱ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ ነጥብና መስቀል፣ ቀንና ሰዓት። በእያንዳንዱ ገጽ እንቁ ፊቱን ታያለች፤ ምሥጢራዊ ጽሑፍ ነው ቢላት ምን ትላለች? ከዚያ ጁሜሉን አንሥቶ ወደ መሪህ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

“ይሄ አውሮፕላን አይደለም?”

“አይደለም” አለች በተሰባበረ ሶማልኛ። “አውሮፕላን ይሄዳል። ኮከብ ይርገበገባል። እሱ ዝም ይላል።”

ሌላኛው ፖሊስ ሊስቅ ሲል ትልቁ አየውና ተወው። ደብተሩን መለሰላት። “ወረቀትሽን” አለ።

ኻሊዳ መሬት መሬት አየች።

“የለኝም።”

“ቀነ ገደቡ አራት ቀን ቀርቶታል” አለ ወደ ኻሊዳ ዞሮ። “ወይ አስመዝግቧት፣ ወይ ራሳችሁ ሸኟት። ሁለተኛ መጥቼ ካገኘኋት አልጠይቅም።” ጁሜሉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወረደ።

ያን ሌሊት እንቁ ልብሷን በፌስታል ቋጠረች። ኻሊዳ በሯ ላይ መጥታ ቆመች። “ከመጣሽ ጊዜ ጀምሮ ማስመዝገብ ነበረብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። “ነገ ከአባዬ ጋር የምዝገባው ቢሮ ሂዱ።”

ሰልፍ የያዘውን ከሰልፉ አንሥተው መኪና ላይ ይጭኑታል የሚል ወሬ ነበር። እንቁ ጣሪያው ላይ የፈራችውን ያህል ዳግመኛ የምትፈራ አልመሰላትም፤ ተሳስታ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ፣ የሽማግሌውን ክንድ ይዛ ቆመች። ከአጥሩ ማዶ ባዶ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ይታያሉ። ዞር ባለች ቁጥር አባባ ባሺር፣ “ምን ታያለሽ?” ይሏታል፤ እሷም፣ “ምንም፣ አባባ” ትላለች። ተራቸው ሳይደርስ መስኮቱ ተዘጋ። ወደ ቤት በመኪኖቹ አጠገብ ማለፍ ነበረባቸው፤ እንቁ ያንን መንገድ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ኋላ ቀነ ገደቡ እስከ መስከረም አራት ተራዘመ ተባለ። ተመልሰው ሄዱ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ፎቶዋ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጣት። ፎቶው ላይ ዓይኗ ፈጥጦ የታነቀች ትመስላለች።

ከዚያ በኋላ ነው የደብተራውን ነገር የነገረቻቸው። አባባ ባሺር ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁ።

“ያገባሽ ይሞታል ነው ያለው?”

“አዎ።”

“ልጁ አግብቶሽ ነበር?”

“አላገባኝም።”

“ታዲያ ደብተራው በየት በኩል ትክክል ሆነ?”

እንቁ ይህን ለብዙ ቀን አወጣች አወረደች። ልቧ አመነ፤ ሆዷ ግን ሁልጊዜ እሺ አይልም። ባል ሳታገባ ቀረች፤ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃት ሥራ ነው ትላለች።

አባባ ባሺር አምስት ዓመት ኖሩ። ኻሊዳ ከገበያ አሮጌ ጁሜል ገዛችላቸው፤ በእሱ እንቁ ሙሽተሪ የሚሏትን የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አይታ በየምሽቱ አቀማመጣቸውን ትነግራቸው ነበር። ሲሞቱ ደብተሮቹ ዘጠኝ ደርሰው ነበር።

በፈረንጆቹ 2017 እንቁ እዚያው ቤት ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሰፈሩ የሚሠሩ ሁለት ሦስት የአገሯ ሴቶች ጣሪያው ላይ ይመጡላታል። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ በጨለማ ታስቀምጣቸዋለች፤ ስልካቸውን ትሰበስባለች፤ ከዚያ ጊንጡን አሳይታ ትጀምራለች። ከመሐላቸው ቀና ማለት የምትፈራ ከተገኘች አትቆጣትም፤ አጠገቧ ትቀመጣለች። በር ላይ መኪና ሲቆም ግን አሁንም ንግግሯ ይቋረጣል፤ ሴቶቹም አብረዋት ዝም ይላሉ። መኪናው ሲሄድ ካቆመችበት ትቀጥላለች።