የሰው በርና የውሻ በር

ባሌ ጠዋት ሲነቃ፣ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ዛሬ የት ነው ያደርነው?» ይለኛል። ያደርነው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው፤ ከገበያው ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ። ትናንትም እዚሁ ነበርን፤ ያለፈው ወርም እዚሁ። እሱም አይጠፋውም። መኪናችን ውስጥ ስንኖር በየጠዋቱ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ስለነበረ ግን አፉ ለምዶታል። እኔም አንዳንዴ «አጋሮ» እለዋለሁ፣ አንዳንዴ «የቡ»። «የቡ ከሆነማ ፀሐይ አለ» ይልና ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን ያያል።

መኪናችን ድሮ ሕዝብ የምትጭን ቅጥቅጥ ነበረች። ከጅማ አጋሮ ዕድሜውን ሙሉ የነዳት እሱ ነው። አርጅታ ከመስመር ስትወጣ ለእኛ ሆነች። ልጅ አልነበረንም፤ የነበሩን ሁለት ሴት ውሾች ናቸው። አንደኛዋ አመድማ ስለነበረች ዳልቻ አልናት፣ ሌላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ። የበሬ ስም ነው የሰጣችኋቸው እያሉ ይስቁብን ነበር። ቤት ፍለጋ በሄድን ቁጥር አከራዮቹ ከእኛ በፊት የሚያዩት ውሾቹን ነው። አንድ ቀን ባሌ፣ «ቤት ሁሉ ውሻ የማይወድ ከሆነ ቤታችንን ጎማ ላይ እናድርገዋ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ የመኪናዋን ወንበሮች እየፈታ ሲያወርድ አገኘሁት።

ሻንጣና ጆንያ ይጫንበት የነበረው ፖርቶመጋላ ላይ ሶላር አሰርን፤ ባትሪውን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አደረግነው። ማን አስተማራችሁ ይሉን ነበር። ማንም። አንዴ ሽቦውን አገላብጠን አሰርነው፣ ሸተተ፣ ፈታነው፣ እንደገና አሰርነው። ማታ ማታ አምፖላችን በራ። ቀን ቀን እኔ በዚያው ኃይል የስፌት መኪናዬን እያስኬድኩ የተቀደደ ጆንያና ልብስ እሰፋለሁ፣ ቡና ለቃሚዎች ደግሞ ስልካቸውን አምጥተው ቻርጅ ያደርጋሉ። በዚህ ነበር የምንኖረው። ዝናቡ ሲያባራና ቡናው ሲቀላ ከጅማ እንወጣለን፤ የቡ እንሰነብታለን፣ ከዚያ ወደ አጋሮ እናልፋለን። መኪናዋ ስትነሳ ባሌ ሾፌር ነው፣ እኔ ረዳት ነኝ። ሁሉም ሰውና ውሻ መግባቱን አይቼ ቆርቆሮውን በመዳፌ ሁለቴ ካልመታሁ አይነዳም። ውሾቹም ያቺን ምት ያውቋታል፤ የትም ይሁኑ የት እየሮጡ መጥተው ዘለው ይገባሉ።

ችግራችን ጥላ ነበር። የቡና አገር ጥላ ነው፤ ዛፍ በዛፍ ላይ። ቡናው ጥላ ይወዳል፣ ውሾቹም ጥላ ይወዳሉ፣ የእኛ ሶላር ግን ያለ ፀሐይ ድንጋይ ነው። ያ ሁሉ ዛፍ ባለበት አገር ደኅና ፀሐይ የሚገኘው ቡና የሚሰጣበት ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በየደረስንበት የምናድረው ከማድረቂያ አልጋዎቹ ጎን ነበር፤ ቡናው በአንድ በኩል ይደርቃል፣ እኛ በሌላ በኩል ባትሪ እንሞላለን።

የቡ ያለውን ሜዳ የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂ ነው የምንላቸው። «ሐጅ ሄጄ አይደለም፣ ስመኝ ስለኖርኩ ነው» ይላሉ ራሳቸው። መጀመሪያ የሄድን ቀን አልጋው ላይ ያለውን ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ በእጃቸው እያገላበጡ አዩን።

«ፀሐይ የአላህ ነው፣ ቁሙ» አሉ። «ውሾቹ ግን? በዚህ መንገድ ሰው ውዱእ አድርጎ ለሶላት ያልፋል። ውሻ በምራቁ ከነካው ልብሱን ሊያጥብ ይመለሳል።»

ባሌ ዓይኑን ሳያሽ፣ «ውሾቹ የራሳቸው በር አላቸው ሐጂ» አለ።

ምንም በር አልነበራቸውም። ሐጂ ዞር ሲሉ መጋዝ አወጣና የመኪናዋን ግራ ጎን፣ ወደ ጫካው የሚያየውን፣ ይቆርጥ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ በስተቀኝ፣ ወደ አልጋዎቹና ወደ መንገዱ ያለው የሰው በር ሆነ፤ በስተግራ ያለው የውሻ በር። ውሾቹ ቶሎ ገባቸው። በሰው በር በኩል ሥጋ ቢጣልላቸው እንኳ አይዞሩም፤ በበራቸው በኩል ቁጭ ብለው እስክናመጣላቸው ይጠብቃሉ። ሐጂ በዚህ ነገር በጣም ይገረሙ ነበር። «ከእናንተ እነሱ ይሻላሉ» ይሉናል፣ ባሌ ጫማውን ሳያወልቅ መስገጃቸው አጠገብ ሲደርስ።

ዳልቻ አርጅታ ሞተች፣ አጋሮ መውጫ ላይ ቀበርናት። ከዚያ የባሌ ኩላሊት ታመመ። የቡ እያለን ነው የወደቀው። የቡና ጫኝ መኪና ላይ አስተኝተን ጅማ ስናደርሰው ቦራ ቅጥቅጧን እየጠበቀች ቀረች፤ ባሌ እስኪሻለው ብለን ነበር። ሐኪሞቹ ግን ከጅማ እንዳይርቅ አሉን። ቅጥቅጧ ለሕክምናው ተሸጠች፤ ገዢው እዚያው ሄዶ ነዳት። ቦራ እስከ አስፋልቱ ተከትላ ሮጣ፣ ተመልሳ ሜዳው ላይ መተኛቷን ሐጂ ደውለው ነገሩኝ።

ሶላሩን ብቻ አስቀረን፤ አሁን የምንከራያት ክፍል ጣሪያ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ግቢው ሁሉ ጨልሞ የእኛ መስኮት ይበራል። እኔ በዚያን ጊዜ ዓይኔን ስጨፍን ጀንፈሉ ሲገላበጥ ይሰማኛል።

ባሌ ምግብ አስጠላው። ሾርባ ብሠራ ሁለቴ ቀምሶ ይገፋዋል፣ ገንፎ ባገነፋ እንዲሁ። መድኃኒቱ ደግሞ ያለ ምግብ አይዋጥም። «ምን ልሥራልህ?» አልኩት አንድ ቀን ተናድጄ።

«ቦራን አምጪልኝ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

አከራያችንን በረንዳቸው ላይ ሰግደው እስኪጨርሱ ጠብቄ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ውሻ ጠልቼ አይደለም፤ መስገጃዬን ነው የምፈራው» አሉ።

«የራሷ በር ይኖራታል እማማ። በእርስዎ በኩል አታልፍም።»

«ውሻ ይህን ሊያውቅ?»

«ያውቃል።»

«እንግዲህ ሠርታችሁ አሳዩኝ፤ አይቼ ነው» አሉ።

ሐኪም ቤት ካልሆነ ከአልጋው የማይነሳው ሰውዬ ያን ቀን ተነሳ። ላብ በላብ ሆኖ፣ እያረፈ፣ ከክፍላችን በስተጀርባ ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ ቆረጠ። በሩ አለቀ፤ ውሻዋ ነበረች የቀረችው።

የቡ ስደርስ ሜዳው እንደነበረ ነው። ቅጥቅጧ የቆመችበት ቦታ ሣር አልበቀለበትም፤ ርዝመቷና ስፋቷ መሬቱ ላይ ተሥሎ ቀርቷል። ቦራ ከዚያ ወዲያ፣ በጫካው በኩል ተኝታለች። ከስታለች። «ቦራ» ስላት ዘላ ተነሳች፣ ጭራዋ ተወዛወዘ፣ አለቀሰች። ግን አልመጣችም። ጥቂት ራመድ አለችና ቁጭ አለች። ደግሜ ጠራኋት፣ ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ። እዚያው ሆና ታለቅሳለች። ተቀይማኛለች አልኩ በሆዴ። ባሌን ምን ልለው ነው?

ከኋላዬ የሐጂ ሳቅ ተሰማኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? የቆምሽው እኮ የሰው በር ላይ ነው» አሉኝ።

ወደ እግሬ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ የቅጥቅጧ መረገጫ ይሆንበት የነበረ ቦታ ላይ ነው የቆምኩት።

«ዙሪ» አሉኝ።

መሀሉን ባቋርጥ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ባዶ መሬት ነው። ግን ዞርኩ። በሞተሩ በኩል፣ በሾፌሩ በኩል አልፌ፣ ወደ ግራ ጎኗ። ገና ከመድረሴ ቦራ ደረቴ ላይ ነበረች።

«እኔንም እንዲሁ ነው የምታደርገኝ» አሉ ሐጂ የማድረቂያ አልጋውን ተደግፈው። «ለሶላት ሳልፍ ከበሯ ንቅንቅ አትልም። መኪና የለ፣ እናንተ የላችሁ፣ ለማን ብላ ነው?»

«ምግብስ እንዴት ነው የሚሰጧት?»

«እዚያች ድንጋይ ላይ አስቀምጥና ኮቱ እላታለሁ፤ ትመጣለች። ኮቱ ነው የምትሰማው አሁን። አማርኛሽን ረስታዋለች።» ከዚያ ጀንፈሉን አገላበጡ። «ውሰጃት። ከእኔ ይልቅ ለባልሽ ታስፈልገዋለች።»

ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ነጂው ልጅ ውሻ አልጭንም ብሎ ሲያንገራግር ሐጂ ጆንያ አመጡና ወንበሩ ላይ አነጠፉለት። ቦራ ግን እምቢ አለች። ሳብኳት፣ ለመንኳት፤ ተመልሳ በሯ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ወደ አስፋልቱ አድርጋ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ሲገባኝ እንባዬ መጣ። ባጃጇ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና የጎኗን ቆርቆሮ በመዳፌ ሁለቴ መታሁት። እየሮጠች መጥታ ዘላ ገባች።

«ምን አልሻት እማማ?» አለኝ ልጁ።

«ምንም። ረዳት ነኝ እኔ» አልኩት።

ሄርማታ ስንደርስ አከራያችን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። በቤቱ ጀርባ ዞሬ አዲሱን በር አሳየኋት። አሸተተችው፣ ገባች፣ ባሌ እጅ ሥር ጥቅልል ብላ ተኛች። እሱም እጁን ግንባሯ ላይ፣ ነጩ ላይ አሳረፈ። አከራያችን ከበረንዳቸው ሆነው፣ «እናያለና» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ዛሬ የት ነው ያደርነው?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ቦራ ተነስታ በሯ ላይ ቆመች። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ሁልጊዜ መንገድ ነበር። ጆሮዋን አቁማ እጄን ታያለች። እጄ ሳላስበው ወደ ቆርቆሮው ሄደ፤ መለስኩት።

«አትመቺም?» አለ ባሌ። ዓይኑን ገልጦ ነበር።

«ሾፌሩ ቁርሱን ሳይበላ መኪና አይነሳም» አልኩት።

ገንፎውን አቀረብኩለት። ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ትንሽ ወደ ጣሪያው፣ ትንሽ ወደ በሩ አየና ማንኪያውን አነሳ። ቦራ እስኪጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።