ቢልቂስ ባዶ ያለችው መሬት

ቢልቂስ አብዱልአሊም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለከተማና ለመልክዓ ምድር ንድፍ ተማሪዎች ጂአይኤስ ታስተምራለች። ቤቱን፣ መንገዱንና ዛፉን ከሳተላይት ፎቶ ላይ እየለዩ ካርታ መሥራት ማለት ነው። ጎበዝ ናት። ጎበዝ መሆኗን ደግሞ አሳምራ ታውቃለች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ዘንድሮ ለተማሪዎቿ መመረቂያ ሥራ የትውልድ ከተማዋን ቁይን መረጠች። የኔአለም የምትባል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ሄደን ቦታውን ብናየውስ?» ስትላት ሳቀችባት።

«ቁይን ለእኔ? ተወልጄ ያደግኩባት አይደለች እንዴ!»

ከከተማዋ ዳር ጣሪያ የማይታይበት፣ ሣር የሸፈነው ቁራሽ መሬት ነበር። በገዛ እጇ ከበበችውና «ባዶ ቦታ» ብላ ጻፈችበት። ልጆቹም መናፈሻ ነደፉበት።

ሥራው በሚቀርብበት ዕለት ከቁይ ሽማግሌዎች ተጋብዘው መጡ። የአባቷ የሱቅ ጎረቤት የነበሩት ሐጂ ሱሩርም አብረው ነበሩ። ንድፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ እሳቸውም ትኩር ብለው አዩ፤ ሰው ሲያጨበጭብም አጨበጨቡ። ለሻይ ሲወጣ ግን ወደ ጥግ ጠሯት።

«ልጄ፣ ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው። መናፈሻ ያላችሁት የእኛ መቃብር ነው። አባትሽንም ያሳረፍነው እዚያው ነው።»

ፊቷ ነደደ። አባቷ የሞቱ ዕለት ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲወጡ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀርታ ነበር፤ ወጉ ነው። ይህንኑ ልትል አፏን ከፈተችና አፈረች። ወጉ ቀብር አትውጪ አላት እንጂ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቦታው የት እንደሆነ አትጠይቂ አላላትም። ደግሞ ሐጂ ሱሩር አጨብጭበውላታል! እሱ ከሁሉም ባሰባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሰዉ ተመልሶ ሲቀመጥ ፊት ለፊት ቆመች።

«መቃብሩን ባዶ ያልኩት እኔ ነኝ። የኔአለም ሄደን እንየው ስትል የሳቅኩባትም እኔው ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞረች።

«ሐጂ፣ አባቴ የቱ ጋ ናቸው?»

ሐጂ ሱሩር ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ግድግዳው ቀረቡ። ከገበያው ጀምረው መንገዱን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ጣታቸው የቆመው ልጆቹ ጁስ ቤት ብለው የሳሉት ላይ ነበር።