የሙሽራ ወንበር በሴቶች ዋርድ

እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን እኔና እኅቴ ጀርባችንን በየተራ እናበድራት ነበር። ልቧ ደክሟል። በጀርባዋ ጋለል ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቀና ብላ እንዳትቀመጥ ደግሞ አልጋው መደገፊያ የለውም። ራስጌው ከፍ የሚለውን አልጋ ከእሷ የባሰባት ሴት ይዛዋለች። ስለዚህ አንዳችን አልጋው ላይ ወጥተን ጀርባችንን ከጀርባዋ እንገጥምና እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለን እንቀመጣለን። እኅቴ ጥሩ ግድግዳ ናት። እኔ ግን ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ስለማልችል፣ ባወራሁ ቁጥር ጀርባዬ ይነቃነቃል፤ እናቴም «ይቺ ግድግዳ ትጮኻለች፣ ለውጡልኝ» ትላለች።

እኔ እዚያው ቢቸና ሆስፒታሉ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። አንድ አመል አለብኝ፤ የማይመች ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ሳይ መሳቢያ ሆኖ ይታየኛል። የተቀደደ ጄሪካን ሳይ የሽሮፕ ጠርሙስ መደርደሪያ ይታየኛል። አንዳንዱ ሠምሮልኛል፤ ካርቶኖቹን ቆራርጬ የሠራኋቸውን የኪኒን ማስቀመጫዎች ዛሬም እንጠቀምባቸዋለን። አንዳንዱ አልሠመረም። መጋዘኑ ጠበበ ብዬ ከጣሪያ በገመድ የሚወርድና የሚወጣ መደርደሪያ ሠርቼ ነበር፤ በተመረቀበት ቀን አለቃዬ ራስ ላይ ወረደ። ሰውዬው ምንም አልሆኑም፤ ግን እስከ ዛሬ መጋዘን ሲገቡ መጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ።

የእናቴ ነገር ግን ጨዋታ አልነበረም። ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣው ወጣት ሐኪሟ ጠርቶ ነገረኝ። «እናትሽ ከፍ ብላ ተደግፋ ማረፍ አለባት። ካላረፈች መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ለውጥ ካላየሁ ሪፈር ጽፌ ወደ ባሕር ዳር እልካታለሁ።» እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በዚያ መንገድ ስንገላታ መንገድ ላይ ነው የምቀረው። እዚሁ አገሬ ተዉኝ» አለች። መንገዱን ስለማውቀው ልከራከራት አልቻልኩም። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እጄ ሥራ ይፈልጋል።

ሞጣ ውስጥ አንድ አናጢ አውቃለሁ። ከድሮ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ጨርቅ ሲሸጡ እሳቸው እንጨት መረጡ። የሙሽራ ወንበር እየሠሩ ለሠርግ ያከራያሉ፤ እኅቴም የተዳረችው እሳቸው በሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ተሳፍሬ ሄድኩና የወንበሩን ሥዕል በካርቶን ጀርባ ላይ ሥዬ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ጀርባው ረዘም ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ነው የምፈልገው።»

«ሙሽራይቱ ማን ናት?»

«ለእናቴ ነው።»

«ማሻአላህ! ሊያገቡ ነው?»

«ታማ ነው፣ ጋሼ! ለሆስፒታል ነው!»

እሳቸው ክፉኛ አዘኑ። ካርቶኑን ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩትና «አይዞሽ ልጄ። የታመመ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል» አሉ። እኔ ሞኟ ይህን አነጋገር ሰምቼ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ይልቅ አመስግኜ ወጣሁ።

ከቀናት በኋላ ደወሉልኝና ልወስደው ሄድኩ። ዘንበል ማለቱ ልክ እንዳልኩት ነው፤ ክንድ ማሳረፊያውም ልክ ነው። ነገር ግን መላው ወንበር ቀይ ከፋይ ለብሷል። እግሩ በወርቅማ ቀለም ያብለጨልጫል። ከራስጌው ላይ ሁለት ርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመው ይሳሳማሉ።

«ጋሼ፣ ርግቦቹ ምን ያደርጋሉ?»

«እነሱ በነጻ ናቸው» አሉኝ በኩራት።

ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስረን ጉዞ ጀመርን። ደብረ ወርቅ መናኸሪያ ስንደርስ ሎሚ የሚሸጡ ሴቶች ወንበሩን አይተው እልልታቸውን አቀለጡት። «ሙሽራይቱስ?» ብለው ጠየቁ፤ ሾፌሩ ያለ ኀፍረት ወደ እኔ ጠቆመ። «እሰይ! ውለጂ፣ ክበጂ!» እያሉ በመስኮት እጄን ያዙኝ። ባል ቀርቶ እጩ እንኳ የለኝም፤ ግን ምርቃት አይመለስም ብዬ «አሜን» አልኩ። ከዚያ እስከ ቢቸና ድረስ ስስቅ ሄድኩ።

እናቴ ወንበሩን ስታይ «ይኼንን ተሸክመሽ በገበያ መሃል አለፍሽ? ሰው ምን ይላል?» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ደግፈን አስቀመጥናት። ሰመጥ አለች። ዓይኗን ከደነች። እየተቆራረጠ ይወጣ የነበረው ትንፋሿ ቀስ እያለ ሲረዝም ሰማሁት። ወደ ኮሪደር ወጥቼ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛም ነገሩ ሳይገባት አብራኝ ወረደች።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። የእናቴ የንስሐ አባት ሊጠይቋት መጡ።

እናቴ «ኖር» ለማለት የተፈጠረች ሴት ናት። ትልቅ ሰው ገብቶ እሷ ተቀምጣ የተገኘችበትን ቀን አላስታውስም። ወጥ እያማሰለች ትነሣለች፤ ልጅ እያጠባች ትነሣለች። አባ ገና በበሩ ብቅ ከማለታቸው «ኖር!» ብላ ተነሣች፤ ክንዴን ይዛ እየተንገዳገደች ወንበሩን ለቀቀች።

«ኧረ በእግዜር! ምነው፣ አንቺ ሕመምተኛ አይደለሽም?»

«አንቱ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ይቀመጡልኝ፣ አባ።»

እንደ ወጉ ደጋግመው እምቢ አሉ፤ እንደ ወጉ ደጋግማ ለመነቻቸው፤ እንደ ወጉ ተሸነፉና ተቀመጡ። «ይኼ... ይኼ ወንበር መልካም ነው» አሉ ከፋዩን እየዳሰሱ። ጥቂት ጸለዩላት። ከዚያ በርግቦቹ ሥር እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወንበሩ በቢቸና ወሬ ሆነ። የእድሩ ሊቀመንበር መጡ፤ ተቀመጡ። የሩቅ ዘመድ መጣ፤ ተቀመጠ። ጠያቂው የእናቴን ጤና ይጠይቅ የወንበሩን ጤና ይጠይቅ እኔ አላውቅም። አንዱ ተነሥቶ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይገባል፤ እናቴም በየመሃሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ኩርምት ብላ እያለከለከች «ተጫወቱ እንጂ» ትላለች። ሐኪሙ ሊያያት ሲመጣ አባ ዳግመኛ መጥተው ዳግመኛ ተኝተዋል። ቆሞ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ርግቦቹን፣ አንዴ እናቴን አየ።

«የኔ ታካሚ የትኛዋ ናት?» አለኝ። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት፤ እሱ አልሳቀም። «ነገ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ካገኘኋት እልካታለሁ።»

እናቴን ተቆጣኋት። «እማ፣ ወንበሩ ላንቺ ነው የተሠራው! አንድ ቀን ብትቀመጪ ሰው ይሞታል?» አልኳት። እሷም «ሰው ቆሞ እኔ ተንፈላስሼ? እንዲህ ብዬ ነው ያሳደግኋችሁ?» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አንድ መቀመጫ ብቻ ባለበት ክፍል የበሽተኛ ወንበር ሠራሁ። ለእናቴ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ለእንግዳዋ መሥራት ነበረበት። ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ከደስታ የተነሣ አጨበጨብኩ፤ ወዲያው ወደ ሞጣ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከዚህኛው የበለጠ የሚያምር መቀመጫ! ዛሬውኑ!»

አናጢው በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው ይዘውት መጡ። የሚዜ መቀመጫ ነው፤ ከፋይ የለበሰ ሣጥን፣ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት። ሣጥን መሆኑን ሳይ ጭራሽ አበድኩ። የእናቴ መድኃኒት በፌስታል ሆኖ ከጠበል ጠርሙሱና ከሎሚው ጋር አልጋው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ካርቶን ቆርጬ ሣጥኑን በክፍል ከፋፈልኩት፤ የጠዋት፣ የቀትር፣ የማታ። መርፌውም ኪኒኑም ገባ። እንግዳ ከላይ፣ መድኃኒት ከሥር፣ እናቴ በወንበሯ! እንደኔ ያለ ብልህ በምሥራቅ ጎጃም አልተወለደም አልኩ።

አባ መጡ። ከፋዩን አይተው ደስ እያላቸው ሣጥኑ ላይ ተሰየሙ። እናቴም ለአመል ያህል ብድግ ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሁሉ አማረ። ቀትር ሲሆን ነርሷ የእናቴን መድኃኒት ልትሰጥ መጣች፤ ስታይ መድኃኒቱ ከአባ ሥር ነው።

አባን ማን ያስነሣል? ነርሷ እኔን አየች፣ እኔ እኅቴን፣ እኅቴ ጣሪያውን። እናቴ ከወንበሯ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ «ትሞክሩና!» የምትል ትመስላለች። አባ ስለ ዘንድሮው ዝናብ እያወሩ ነው። ነርሷ አሳለች። እኔ አሳልኩ። አባ «ይማራችሁ» ብለው ቀጠሉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔም ቸኮልኩ። አባ ብድግ የሚሉለት ከእሳቸው የሚበልጥ አዛውንት ቢገባ ነው ብዬ ለእኅቴ ሹክ አልኳት። ሮጣ ሄዳ ከወንዶች ዋርድ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አባት ይዛ መጣች፤ የግሉኮሳቸውን ከረጢት እሷ ከፍ አድርጋ ይዛላቸዋለች። «ማንን ነው የምጠይቀው?» ሲሉ ይሰማል። «ይግቡና ደህና ዋላችሁ ይበሉ ብቻ» ትላቸዋለች።

ገቡ። «ኖር!» አለ ክፍሉ። አባም ተነሡ። ነርሷ ክዳኑን ብድግ አድርጋ መድኃኒቱን አወጣች፤ እኔ በድል አድራጊነት ዞር አልኩ። እናቴ ቆማለች። እንደ ሁሉም ተነሥታለች። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አየር ፍለጋ አፏን ከፍታ፣ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ያዝኳት። ነርሷ ኦክስጅን ስታመጣ፣ መርፌውን ስትወጋት፣ እኔ ወንበሩ ሥር ተንበርክኬ እግሯን ይዤ ነበር። በገዛ ተንኮሌ ገደልኳት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። አባ «ምን ሆነች?» አሉ፤ ያን ጊዜ ገነፈልኩ። «መድኃኒቷ አንቱ የተቀመጡበት ሥር ነው፣ አባ! የምትነሣውም ለእናንተ ብላ ነው! እንዲህ ከቀጠለች ዛሬውኑ ወደ ባሕር ዳር ልትላክ ነው፣ መንገዱን አትችለውም!» ለንስሐ አባት እንዲህ ተብሎ አይጮህም። እናቴ በኀፍረት ዓይኗን ጨፈነች።

አባ አልተቆጡም። መስቀላቸውን አወጡና እናቴ ፊት ቆሙ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ብመጣ፣ ጳጳስ ቢመጣ፣ ከዚህ ወንበር ብትነሺ ገዝቼሻለሁ።»

እናቴ ልትመልስ ፈለገች፤ ግን ግዝት ነው። መስቀሉን ተሳለመች። አባ ቆመው እሷ ተቀምጣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ገና ወደ ሞጣ ያልተመለሱት አናጢ በበኩላቸው ሣጥኑን ወደ በረንዳ አውጥተው፣ መጋዛቸውን ይዘው፣ በጎኑ በር ያወጡለት ጀመር። «ከጎን የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ከላይ እንዲከፈት የሠሩት ራሳቸው መሆናቸውን ማንም አላስታወሳቸውም።

አባም ወደ ደብራቸው ሄዱ። እናቴ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ መቁነጥነጥ ጀመረች። ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች። የተሰጣት መድኃኒት በሰውነቷ ያደረውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

«እማ፣ ሽንት ቤት እንሂድ።»

«ግዝት ነው።»

«ለእንግዳ አትነሺ አሉ እንጂ ለሽንት አላሉም!»

«ብትነሺ ነው ያሉት። እኔ ሰምቻለሁ።»

ፖፖ አመጣንላት፤ ሰው በሞላበት ክፍል ሞቼ ነው ቆሜ አለች። እኅቴ አባን ልትጠራ በሩጫ ወጣች። አባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን ዘምሞ፣ እያለከለኩ ደረሱ። «ፈትቼሻለሁ! ለሽንት ፈትቼሻለሁ!» ብለው ከደጅ ጮኹ። ዋርዱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በሽተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አባም ሳቁ፤ እናቴ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «አታስቁኝ፣ አሁን ጉድ ይፈላል» እያለች በሁለታችን መሃል ሄደች።

ስንመለስ አባ በጎኑ በር በወጣለት ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ ከወንዶች ዋርድ የመጡት አባት አጠገባቸው፣ አናጢው መጋዛቸውን እንደያዙ ነበሩ። እናቴ በበሩ ብቅ ስትል አባ አዩዋትና ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉ።

ሁሉም ተነሣ። አዛውንቱ ከረጢታቸውን ይዘው ተነሡ፣ አስታማሚዎች ተነሡ፣ መነሣት የቻሉ በሽተኞች ተነሡ። እናቴ ማን ትልቅ ሰው እንደ ገባ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ እኔም በጣቴ እሷኑ ጠቆምኳት።

«በእግዜር... ተቀመጡ» አለች በቀስታ። ሁላችን ቆመን እያየናት ከሁሉ በፊት ተቀመጠች፤ ራሷን ከርግቦቹ ሥር አስደግፋ ዓይኗን ከደነች።

ሐኪሙ ሲመጣ ማንም ወንበሩ አጠገብ አልነበረም። የትንፋሿን ርዝመት ለረጅም ጊዜ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ባሕር ዳር ይቅር» አለኝ። እናቴ አልሰማችውም፤ ተኝታ ነበር።