የእናቴ ዓይንና የአማረ የሰርግ ቪዲዮ

መጀመሪያ ያየነው እንባ ነው። እናቴ ቪዲዮ ማጫወቻውን ጭኗ ላይ ከፍታ ትቀመጣለች፤ ብዙም ሳይቆይ ከሁለቱም ዓይኖቿ እንባ ይወርዳል። በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ እንደገና ይወርዳል። ቪዲዮው የወንድሜ የአማረ ሰርግ ነው። አማረ ሞቷል። ታዲያ እናት የሞተ ልጇን እያየች ብታለቅስ ማን በሽታ ነው ይላል? እኔም አላልኩም።

ይህን የምጽፈው ዓይኗ የሚያነባ እናት፣ ወይም ዓይኑ የሚያነባ አባት ቤታችሁ ላላችሁ ነው። ስሕተታችንን ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። አብዛኛው ስሕተት የእኔ ስለሆነ ማንንም አላማም።

ማጫወቻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አረብ አገር ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ለእናቴ ከያዝኩላት ነገር ሁሉ የወደደችው እሱን ነው። እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ስክሪኑ ከመዳፍ ትንሽ የሚሰፋ፣ ሲዲም ፍላሽም የሚያጫውት ዕቃ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። የእናቴ ቤት ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች በሚመረትበት ብርዳም አገር ነው፤ መብራት አልገባም። ስለዚህ በየገበያው ቀን ማጫወቻውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ ደብረ ታቦር ትወርዳለች። እኔ ልብስ ከምሸጥባት ሱቅ ቻርጅ ይደረጋል፤ እሷም ገበያዋን ጨርሳ ይዛው ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ ስሟን እየጠሩ «የሺ ልጅ ማዘል ቢቀርባት ቴሌቪዥን ታዝል ጀመር» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

አማረ ባገባ በሁለተኛው ዓመት የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ በኋላ ከፍላሹ ውስጥ የሚከፈተው ሰርጉ ብቻ ሆነ።

እናቴ ቀስ በቀስ ተለወጠች። መስኮቱን ትዘጋለች። በቀን ጨለማ ጥግ ፈልጋ ትቀመጣለች። ፀሐይ ላይ ከወጣች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ታወርዳለች፤ ሰው ሲያናግራት አንገቷን ትደፋለች። ይህን ሁሉ ሐዘን ነው አልን። ሐዘንተኛስ ከዚህ የተለየ ምን ታደርጋለች?

አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለቻት ወረንጦም ነበረች። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እሾህ ይነቀልባታል። እናቴ ግን እሾህ ከነቀለችባት ይልቅ ሽፋሽፍቷን የነቀለችባት ይበልጣል። ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይኗን የሚወጋትን ፀጉር ማንም በሌለበት በጣቷ እየዳሰሰች ትነቅል ነበር። የእሷም እናት እንዲሁ ስትነቅል ኖራ በመጨረሻ በዱላ እየተመራች ነው የሞተችው። እናቴ ይህን የቤታችን ዕጣ አድርጋ ተቀብላው ነበር። ዕጣ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ደግሞ ለማንም አይናገርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተረት እሷው ናት ያስተማረችኝ።

የአማረ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ የንስሐ አባታችንን ስለ እንባዋ አማከርኳቸው። አባ ደግ ሰው ናቸው፤ ያሉኝም አገሩ የሚለውን ነው።

«ተዝካሩ ወጥቷል፣ ሙት ዓመቱም አልፏል። ከዚህ ወዲያ የሚፈሰው እንባ ለሟችም አይበጅ፣ ለቋሚም አይበጅ። ያን ዕቃ ከፊቷ አንሽላት» አሉኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴ ማጫወቻውን ሰጠችኝ። ወደ ማታ ልትወስደው ስትመጣ «አልሞላም፣ ይደር» አልኳት። ዋሸሁ። ዕቃውን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆልፌበት ነበር። በሳምንቱ መጣች።

«አሁንስ ሞላ?»

«ተበላሽቷል፣ እያሠራሁት ነው።»

እንዲህ እያልኩ አራት ወር አሳለፍኩ። ሁልጊዜ ትጠይቃለች፤ አንድ ቀንም አልተቆጣችም። እንባዋ ግን አልቆመም። ዕቃው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ሰርጉ ሳይከፈት፣ ዓይኖቿ ሲያነቡ ይውሉ ነበር። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን «ባሰባት» አልኩ።

በአምስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ሱቄ በር ላይ ያለችውን ደረጃ ስታ ወደቀች። ስትገባ ስትወጣ የኖረችባት ደረጃ ናት። ጉልበቷ ተላጠ። ደሙን ስጠርግላት «ያ ነገር አልተሠራም እንዴ፣ ልጄ ትጓደድ?» አለችኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ማጫወቻውን ሰጠኋት፤ ሻይ ላመጣላት ወደ ጓዳ ገባሁ። ከጓዳ ሆኜ ከበሮውን፣ እልልታውን፣ የአማረን ሳቅ እሰማለሁ። ሻይ ይዤ ስመለስ ድምፁ እንዳለ ነው። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እናቴ በጥቁሩ ስክሪን ላይ አቀርቅራለች።

«እማዬ፣ ምስሉ ጠፍቷል እኮ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ማጫወቻው ባትሪ ለመቆጠብ ምስሉን አጥፍቶ ድምፁን ብቻ የሚያስቀጥል ትንሽ ቁልፍ አለው። እኔ ያመጣሁት እንኳ ነክቼው አላውቅም። እሷ በዳሰሳ አግኝታዋለች።

«ለምን?»

«ብርሃኑ ይወጋኛል። ደግሞ ምን አደርግለታለሁ፣ ልጄ? ፊቱ ከጠፋብኝ ቆየ። ድምፁ ይበቃኛል።»

ቁጭ አልኩ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አራት ወር ሙሉ የቆለፍኩት የልጇን ድምፅ ነበር።

ሰኞ በማለዳ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወሰድኳት። የመረመራት የዓይን ሐኪም ወጣት ነው። «እናቴ፣ ወደ ታች ይመልከቱልኝ» ብሎ የላይኛውን የዓይኗን ቆብ ገለበጠው። አጉሊ መነጽሩን አስጠጋ። ወደ ሌላው ዓይን ሄደ። እሱንም ገልብጦ አየው።

«ትሪኪያሲስ ይባላል» አለ። «ትራኮማ ቆቡን ከውስጥ ሲያጠባብሰው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽፋሽፍቱ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን፣ የዓይኑን መስታወት፣ ይፈትገዋል።»

«እንባውስ?» አልኩት።

«ዓይኑ እየተወጋ ነው። እንዴት አያለቅስ?»

ከልጅነት ጀምሮ ተደጋግሞ የሚይዝ ኢንፌክሽን እንደሆነ፣ በየቀበሌው በቁመት እየተለካ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት ኢንፌክሽኑን እንጂ የታጠፈውን ቆብ እንደማይመልስ አስረዳን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የግራው ኮርኒያ ጠባሳ መሐሉን ሸፍኖታል። ግራው አይመለስም አለ። ቀኙ ላይ ጠባሳው ገና ዳር ነው።

«ለምን ዘገያችሁ?» አለኝ።

ሐዘን መስሎን ነው ይባላል? እንደዚያው አልኩት። ወቀሳ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ራሱን ነቅንቆ ካርዷ ላይ መጻፍ ቀጠለ።

እናቴ ቀዶ ሕክምና ሲባል ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ዓይኔን በስለት አላስነካም አለች። ሐኪሙ አላጣደፋትም። እሷው ቆይታ ጠየቀችው።

«የልጄን ፊት ትመልስልኛለህ?»

«ጠባሳ ማጥፋት አልችልም፣ እናቴ። ከዛሬ በኋላ ግን ቀኙ እንዳይወጋ ማድረግ እችላለሁ። የቀረዎትን ነው የማቆይልዎት።»

«እውነቱን ስለነገርከኝ እሺ» አለች።

ገባች። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ማደንዘዣው ሲወጋት አንዴ «እመብርሃን» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልተሰማም። ልጸልይ ሞከርኩ፤ አፌ ላይ የመጣው «አልሞላም፣ ይደር» የሚለው ውሸቴ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ በፋሻ ተሸፍነው በሰው እጅ ተመርታ ወጣች። አያቴን መሰለችኝ። አለቀስኩ።

በነጋታው ፋሻው እስኪፈታ ድረስ እኔ ቤት አደረች። ማጫወቻውን ከፍቼ አጠገቧ አስቀመጥኩላት፤ እሷም ዓይኗ እንደታሰረ እያንዳንዱን ነገር ቀድማ ትነግረኝ ጀመር። «አሁን ሚዜዎቹ ይገባሉ» ትላለች፤ ይገባሉ። «አሁን አንቺ ትስቂያለሽ» ትላለች፤ እስቃለሁ። እኔ ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ግን ሁልጊዜ የማየው አማረንና ራሴን ነበር። ያን ቀን እናቴን አየኋት። ዳሱ ውስጥ ከአማረ አጠገብ ቆማ፣ ሁሉም ሲጨፍር፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ትንሽ ቆይታ ትጠርጋለች። እንደገና ትጠርጋለች። ያኔ አማረ በሕይወት ነበር። ያኔ የደስታ እንባ ነው ብለን ነበር።

ሕመሙ ከመጀመሪያውም ቪዲዮው ውስጥ ነበር። በሰርጉ ደስታ አልን፣ በሞቱ ሐዘን አልን፤ ለእንባው ስም አውጪው በዛና ዓይኗን የሚያይ ጠፋ።

ቴትራሳይክሊን የሚባለውን የዓይን ቅባት ጠዋትና ማታ እየቀባኋት፣ ፊቷን በንጹሕ ውኃ እያጠብኳት፣ «እንደ ሕፃን አደረግሽኝ» እያለች ስትነጫነጭብኝ ስፌቱ የሚወጣበት ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀስ ያሉ ነበሩ፤ እብጠቱ ጎደለ፣ መስኮቱን ራሷ ትከፍት ጀመር፣ ነጠላዋም ከአፍንጫዋ ወደ ትከሻዋ ተመለሰች። ወረንጦዋን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችኝ፤ እኔም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የግራ ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል፣ ይህ አይለወጥም። ለቀኙም ዋስትና የለም፤ ቆቡ ተመልሶ ሊታጠፍ ስለሚችል ከቀጠሮዋ አታስቀሯት ተብለናል፣ አላስቀረናትምም።

ይህን ለምታነቡ የምለው ብዙ አይደለም። ቤታችሁ ወረንጦ ያንጠለጠለ ሰው ካለ ምን እንደሚነቅልበት ጠይቁት። የተነቀለ ሽፋሽፍት አጭርና ሹል ሆኖ መልሶ ይበቅላል፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምናው ነው፣ እሱም ተኝታችሁ ሳታድሩ ያልቃል። የልጆችን ፊት እጠቡ፤ ዓይናችሁን በጠረጋችሁበት ነጠላ የልጅ ፊት አትጥረጉ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ምስጋናዬ ለዚያ ወጣት ሐኪም ነው፤ ያልሆነውን ይሆናል ብሎ አላታለለንም። አባንም አመሰግናለሁ። የሆነውን በነገርኳቸው በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቁመው ስለ ዓይን ተናገሩ። ሰኞ ደግሞ እናቴን ለቀጠሮዋ ስወስዳት የዓይን ክፍሉ ወረፋ ላይ አገኘኋቸው። ለካ እሳቸውም ኪሳቸው ውስጥ ወረንጦ ነበራቸው።

ስፌቱ ከወጣ ወር ያህል ሲሆነው እናቴ ለገበያ መጥታ ማጫወቻውን ራሷ ከፈተችው። ምስሉን አላጠፋችውም። ቀኝ ዓይኗን አስጠግታ ብዙ አየች። አማረ ከዳሱ መሐል እየሳቀ ነው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ አንገቱ ላይ አሳረፈች።

«ክራባቱ ተጣሟል» አለች።

እውነትም ተጣሟል። እኔም ያኔ ነው ያየሁት።

«አጠገቡ እኮ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ባየው ኖሮ አቀናለት ነበር።»