ተራቸውን የሚለቁት ሰው

ሳቢራ ባለክራቫቱን ሽማግሌ ገና ከሩቅ አወቀቻቸው። እሷ በምትሠራበት የዴንቨር መዝናኛ ፓርክ፣ ሰው አሳፍሮ ከሚሽከረከረው ትልቅ መዘውር ሥር፣ በሐምሌ ወር ሁለት ቅዳሜዎች ተሰልፈው አንዴም ሳይሳፈሩ ነበር ወደሚኖሩበት ወደ ኦሮራ የተመለሱት። ልጅ የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር «እለፉ፣ እለፉ» እያሉ ተራቸውን ይለቃሉ። ልጃቸው «ዳዲ፣ ጎ! ግባ እንጂ!» እያለች ብትጎትታቸውም ንቅንቅ አላሉም።

ዛሬ ግን ፓርኩ ለቀን ጎብኚ ከተዘጋ በኋላ፣ ለብቻው በሚከፈልበት ምሽት ብቻቸውን መጡ። ቲኬቱ የቀኑን እጥፍ ነው። ሳቢራ ራሷ ጓደኞቿን «ብራችሁን አትጣሉ» የምትል ነበረች፤ አሁን ለሽማግሌው ሰጋች። ዛሬም ሰው ቢያሳልፉስ?

ሽማግሌው መግቢያው ጋ ሲደርሱ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ኋላ ዞሩ።

«ከኋላዬ ሰው የለም?»

«የለም ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ደህና አድርገሽ አይተሻል?»

«ወላሂ የለም!»

«የስደተኞች ካምፕ ሳለን የእህል ሰልፍ የማስከብረው እኔ ነበርኩ» አሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «የመጨረሻው ሰው ሳይደርሰው እጄን አልዘረጋም ነበር።»

ሳቢራ የተቀመጡበትን ሳጥን በር ቆለፈችላቸው። መዘውሩ ሲነሳ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። የከተማው መብራት ከእግራቸው ሥር ሲሆን ሳቃቸው እስከ ታች ተሰማ፤ ሳቢራም አብራ ሳቀች።

«ታዲያ ጋሼ፣ ዋጋውን ያወጣል?» አለቻቸው ሲወርዱ።

«እንዴታ! ሁሉም ደርሶት ነው የተቀመጥኩት።»

ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ ዞረው አዩ።

«አሁንም ሰው ከሌለ፣ ልድገመው።»