አጽብሐና ቼኳ ሞግዚት

ፒያሳ ላይ የአጽብሐን ፍርሃት የማያውቅ አልነበረም፤ ሞተር ብስክሌት ባስነጠሰ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ይገባል ተብሎ ይወራ ነበር። ሥራው መጽሐፍ መጠረዝ ነው። አንድ ኦስትሪያዊ መድኃኒት ቀማሚ እንዲጠርዝለት የሰጠውን የጀርመንኛ ልብ ወለድ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያው ትቶበት አገር ለቆ ወጣ። አጽብሐ ጀርመንኛም የለቃቀመው ከዚሁ ሰውዬ ነበር፤ መጽሐፉን መጣል አልሆነለትም።

"አቃጥለው!" ትለዋለች ሚስቱ ብርኽቲ። "ፊት ገጹ ላይ ንጉሥ አለበት። በዚህ ዘመን ንጉሥ ደብቀህ ልታስፈጀን ነው?"

"በእጄ የሰፋሁትን?"

በስድሳ ዘጠኝ አሰሳው መጣ። የቀበሌው ካድሬ ገነነ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ሱቁን ገለባብጦ መጽሐፉን አወጣው።

"ይሄ ሪዛም ማነው?"

"የኦስትሪያ ንጉሥ ነው ጌታዬ... ጓድ! ጓድ ጌታዬ!"

አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። የአጽብሐ ምላስ ሳያስበው ተለቀቀ።

"ንጉሡ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ይገዛ ነበር፣ ጓድ። ደራሲው የጻፈው በገዢዎቹ ቋንቋ ነው። ያሳደገችው ሞግዚት ግን ቼክ ናት፣ ከተገዢዎቹ ወገን፤ ተረቱም፣ ወጡም፣ ስድቡም የእሷ ነው። እሹሩሩዋንማ ወደ ጀርመንኛ እንኳ አልመለሰውም፣ እንዳለ አስቀምጦታል። ይኸው!"

ገነነ በቼኮቹ ከተማ በፕራግ ሁለት ዓመት ተምሯል። ገጹን አየት አደረገና፣ ጉድ ነው፣ ማንጎራጎር ጀመረ! "አከራዬ ለልጅ ልጇ የምትላት ናት" አለ። መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። "ቅዳሜ ውይይት ክበብ መጥተህ ያልከውን ሁሉ ለሕዝቡ ትደግመዋለህ።"

ብርኽቲ ባሏ በሕይወት ሲገባ አይታ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የሆነውን ሲነግራት መልሳ ዘጋችው።

"የገዢዎች ቋንቋ አልክ? አማርኛን ነው ያልከው ቢሉህስ? አንተ ደግሞ የአክሱም ልጅ!"

ይሄ አልታየውም ነበር። እስከ ቅዳሜ እህል በአፉ አልዞረም። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጽብሐ ወንበር ተደግፎ ተነሣ።

"ጓዶች... ሞግዚቷ... ትዘፍን ነበር" አለና ተቀመጠ።

ገነነ አጨበጨበ። ገነነ ሲያጨበጭብ ማን እጁን ያጣጥፋል? አዳራሹ ተናወጠ።

አጽብሐ ግን ጭብጨባውን አላመነውም። ቤቱ ገብቶ ሕፃን ልጁን ሊያስተኛ፣ እናቱ እሱን ያሳደገችበትን የትግርኛ እሹሩሩ ጀመረ፤ ወደ መስኮቱ አየና ቃሉን ዋጠው። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የዚያ ቤት ልጆች እንቅልፍ የወሰዳቸው ቃል በሌለው ዜማ ነበር፤ እም... እም... እም።