መሪጌታ አባቴ ሞጣ ላይ የዘረፉት ቅኔ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ለጆርናል የምትልከውን ጽሑፍ ይዛ ቢሮዬ መጣች። የቲቢ ታማሚዎችን ደም የሚመለከት ሥራ ነው፤ ሁለት በጋና ሁለት ክረምት ደክማበታለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ፕሮፌሰር፣ የስሞቹ ቅደም ተከተል እንዴት ይሁን? ለጊዜው የእርስዎን ከላይ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «ማነው እንደዚያ አድርጊ ያለሽ? ሥራው የማን ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። ስሟን በገዛ እጇ ከላይ እንድትጽፍ አድርጌ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሻይ አስመጥቼላት ሸኘኋት። በሩን ስዘጋ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቂም እንደ ትናንት ቁስል ጠዘጠዘኝ።

ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። የብቸና ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጅ በመሆኔ ከተማሪዎቻቸው መሐል አልተቀመጥኩም፤ ከጓሯችን አጥር ሥር ጎመን እየቀነጠስኩ ግዕዙን በጆሮዬ ለቅሜ አደግሁ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ተማርኩ፤ ማስተርሴን ስጀምርም ቁንጭርን ላጠና መረጥኩ።

ቁንጭር በአገራችን ሰው ፊት ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ዓይን የማትሞላ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከርሞ ከርሞ ጠባሳ ጥሎ በራሱ ይድናል፤ አንዳንዱ ላይ ግን አፍንጫና ከንፈር እየበላ ይሰፋል። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ መደብ ላይ የሚተኙ እናትና ልጅ፣ አንዷ ትድናለች፣ አንዷ አትድንም። ለምን? ደማቸው ውስጥ ያለው የመከላከያ ኃይል በምን ተለያየ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

አማካሪዬ ዶክተር ምናሴ ይባላል። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱ ብዬ ልጽፈው ብዕሬ እሺ አይለኝም። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። በጥናቱ ጊዜ ሁለቴ ብቻ ሞጣ መጥቶ፣ ከታማሚዎች ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ጫማው አቧራ ሳይነካው ተመለሰ። የቀረውን መንገድ እኔ በእግሬ ሄድኩት።

ወሩ ጥር ነበር። ከሞጣ ወጣ ባሉት መንደሮች በየአውድማው የጤፍ ውቂያ ነው፤ ገለባው ይበናል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ጉሮሮዬ ቀኑን ሙሉ ይከረክረኛል። ገበሬው መርፌዬን ሳያይ በፊት እንግድነቴን ያያል። ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ የሰነበተ ግብጦ በእፍኜ ይሞሉልኛል፤ ቅል ሙሉ ጠላ ይቀዱልኛል። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ይሰጡኛል። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ያህል እምነት ለማን እንደሰጡ ቢያውቁ ኖሮ እላለሁ።

ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ወይዘሮ ዘነቡን አልረሳም። ቁንጭሩ በልጅነታቸው ወጥቶባቸው ድኗል፤ ጉንጫቸው ላይ የአውራ ጣት አሻራ የመሰለ ጠባሳ ብቻ ትቷል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ስንዱ ግን አፍንጫዋ እስከ ላይኛው ከንፈሯ ቆስሎ፣ ነጠላዋን ከፊቷ አታወርድም ነበር። ጸበል ተጠምቃ፣ በጋለ ብረት ተተኩሳ አልዳነችም። ደማቸውን ቀድቼ ስጨርስ ወይዘሮ ዘነቡ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ ይመጣል ወይ?»

«ዶክተሩ ቃል ገብተዋል እማማ። ቁስላቸው ያልዳነ ሁሉ መርፌውን ያገኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔም ቃል እገባለሁ» አልኳቸው። አላሳበልኩም። እውነት መስሎኝ ነበር።

ላብራቶሪ ገብቼ ወራት ሠራሁ። ሁላችንም የጠበቅነው፣ ቁስሉ የሚሰፋባቸው ሰዎች ደም ደካማ ሆኖ ይገኛል ብለን ነው። እኔ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። የስንዱ ነጭ የደም ሴሎች ከእናቷ ባልተናነሰ ይዋጉ ነበር። ሠራዊቱ አልተኛም፤ ቁስሉ ቦታ ሲደርስ የሚገታው ነገር አለ። ውጤቱን ያመንኩት ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠርቼው ነው። ሦስተኛውን የጨረስኩ ዕለት ብቻዬን እየሳቅሁ ከግቢ ወጥቼ ሽንኮራ ገዝቼ እየመጠጥኩ ቤቴ ገባሁ። ዶክተር ምናሴ ጽሑፌን ተቀብሎ «እያየሁት ነው» አለኝ። ዓመት እያየው ቆየ።

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አዲስ የመጣ ጆርናል ስገልጥ፣ የራሴን ሥዕላዊ ሰንጠረዥ አየሁት። የራሴን ዓረፍተ ነገሮች አነበብኩ። ከላይ የዶክተር ምናሴ ስም፣ ከሥሩ የማላውቃቸው የሁለት ሰዎች ስም። የእኔ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሾፌሩ ቀጥሎ። «ደም በመቅዳት ለረዳችን» ይላል ምስጋናው።

ቢሮው ገባሁ። ጆርናሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ይህ ምንድን ነው ዶክተር?»

አላፈረም። መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። «ትርንጎ፣ አንቺ ደም ቀዳሽ፤ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትጽፊያለሽ።»

«መድኃኒቱስ? ለሰዎቹ የገባነው ቃል?»

«ፕሮጀክቱ እኮ አልቋል።»

ሳልሰናበተው ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ በቀል ብቻ ማሰብ ጀመርኩ። ስበላ አስባለሁ፣ ስሄድ አስባለሁ። አንድ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ላብራቶሪውን ከፍቼ ገባሁ። ለሚቀጥለው ሥራው ያስቀመጠው ደም በሙሉ አንድ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ሶኬቱን ያዝኩት። አንዴ ብነቅለው እስከ ሰኞ ሁሉም ያልቃል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ የወይዘሮ ዘነቡና የስንዱ ቲዩቦች ጎን ለጎን ነበሩ። እጄን ከሶኬቱ አነሣሁ። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ያ ደም የእሱ ስላልነበረ ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከሞጣ ወሬ ደረሰኝ፤ አስተዳደሩ «ሕዝባችንን ላገለገለ ምሁር» ብሎ ዶክተር ምናሴን ካባ ሊያለብስ ነው። አባቴም ቅኔ እንዲያቀርቡ ተጠርተዋል፤ በእኛ አገር ቅኔ ያልተሰማበት ሽልማት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ። ብቸና ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አባባ፣ በቅኔ ይውጉልኝ።»

ሰሙኝና፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ። «ቅኔ የፈጣሪ ነው ትርንጎ። ለስምሽ ብዬ አላረክሰውም። ስምሽን ከፈለግሽ አንቺው ሠርተሽ አስመልሽው።»

አለቀስኩ። አልራሩልኝም።

በቀኑ አብረን ተሳፈርን። ግንደወይን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ቆሎ ገዛሁላቸው፤ እንዳኮረፍኩ ስላወቁ ግማሹን መልሰው እጄ ላይ አፈሰሱት። ሞጣ አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ወይዘሮ ዘነቡ ቆመዋል። ስንዱም ከጎናቸው። ዶክተሩ ይመጣል ሲባል መድኃኒቱም አብሮ የሚመጣ መስሏቸው፣ ከንጋት ጀምሮ ተጉዘው ነው የደረሱት።

«መጣሽ ልጄ? ይዛችሁት መጣችሁ?» አሉኝ።

 አባቴ ወደ ስንዱ ጠጋ አሉ።

«ፊትሽን አሳዪኝ እስቲ ልጄ።»

ስንዱ እናቷን አየቻቸው፤ ከዚያ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። አፍንጫዋ ግማሹ አልቆ ነበር። አባቴ አማተቡ።

«መድኃኒቱን ማን ነው የከለከላችሁ?»

«ኧረ ማንም አልከለከለን አባቴ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። «ያ ዶክተር ይመጣል ብሎን ነው። ደሙን ሰጥተን፣ ይኸው ሁለት ዓመት መንገድ መንገዱን እናያለን።»

አባቴ መቋሚያቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «እሱ ከዘረፈ፣ እኔም ብዘርፍ ምን ይለኛል» አሉ። በእኛ አገር ቅኔ የሚቀኝ ሰው «ዘረፈ» ነው የሚባል። 

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ካህናቱ ከፊት፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች መሐል፣ ገበሬው ከኋላ። ዶክተር ምናሴ ስለ ግኝቱ ተናገረ፤ «ያገኘሁት፣ የደረስኩበት» እያለ። ተጨበጨበ። ወርቃማ ጥልፍ ያለው ካባ ትከሻው ላይ ዋለ። አባቴ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ ጉባኤ በለመደው ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«እንደ ንጋት ኮከብ ከሩቅ አገር መጥቆ፣
ስሙ ገነነለት በእኛ ላይ ሠርቆ፤
በብቸና ሠረቀ፣ በሞጣም ሠረቀ፣
የዶክተሩ ነገር ለሁሉ ታወቀ።»

 ዶክተር ምናሴ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ሰረቀ ነው ያሉት?» አለ፣ ሰብሳቢውን እያየ።

አባቴ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «ሠረቀ ማለት በግዕዝ ወጣ፣ በራ ማለት ነው ጌታዬ። ፀሐይ የምትወጣበትን ምሥራቅ የምንለው ከዚሁ ነው። በንጉሡ ሠ ነው፤ በእሳቱ አይደለም።»

ከካህናቱ መሐል አንድ ሽማግሌ፣ «መሪጌታ፣ ለጆሮ እኮ አንድ ነው!» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካህናቱ በመቋሚያ ወለሉን መቱት። ከኋላ ያለው ገበሬ «ይድገሙት! ይድገሙት!» አለ፤ አባቴም ደገሙት። ዶክተር ምናሴን ካባው ውስጥ ላብ አጠመቀው። ቢቆጣ ስርቆቱን ማመኑ ነው፤ ቢያመሰግን መሰደቡን መቀበሉ ነው። በመጨረሻ «አመሰግናለሁ» አለ። ያንን «አመሰግናለሁ» ሲል ያየሁትን ፊት ዛሬም በፈለግሁት ጊዜ አውጥቼ አየዋለሁ። አይሰለቸኝም።

ሳቁ ሳይበርድ ወይዘሮ ዘነቡ ከኋላ ተነሡ። «እንግዲያ በርቶልናል ከተባለ፣ መድኃኒታችን የት አለ?» አሉ። ስንዱን እጇን ይዘው እስከ ፊት መጡ። ሰብሳቢው ወደ ዶክተሩ ዞረ። ሰው ሁሉ ዞረ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ካባውን እንደለበሰ፣ «ይመጣል፤ እኔ ራሴ አስመጣዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ፤ ሰብሳቢውም ቃሉን በቃለ ጉባኤ አስጻፈው። ክረምቱ ሳይገባ መርፌው ሞጣ ደረሰ። ኅሊናው ወቅሶት እንዳይመስላችሁ፤ ያ ግጥም በየጠላ ቤቱ መዘፈን ጀምሮ ስለነበር ነው።

እኔንም አልማረኝም። የመመረቂያ ጽሑፌን አልፈርምም አለ፤ ሌላ አማካሪ ፈልጌ፣ ሌላ ርዕስ ይዤ እንደገና ጀመርኩ። ከዕድሜዬ ሁለት ዓመት በላኝ። እሱ ከሹመት ወደ ሹመት ወጣ። ያ ጽሑፍ ዛሬም ይጠቀሳል። ስለ ቁንጭር ባስተማርኩ ቁጥር፣ የራሴን ሐሳብ በእሱ ስም እየጠራሁ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ለምን ጠመኔው በእጄ እንደሚሰበር አያውቁም። አባቴ ግን ከሞጣ እንደተመለስን ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ፤ እስከ ፋሲካ ቅኔ አልተቀኙም። «ተጸጸቱ እንዴ?» ብላቸው፣ «በቅኔው አይደለም፤ ሲስቁበት ደስ ስላለኝ ነው» አሉኝ። እኔ እንኳን ልጸጸት፣ በዓመት አንዴ ባየው ደስ ባለኝ።

ባለፈው ጥር ሞጣ ሄጄ ስንዱን አየኋት። ጸጉሯ ሸብቷል፤ አፍንጫዋ እንደተጎመደ ቀርቷል፤ ቁስሉ ግን አልተመለሰም። አግብታ ወልዳለች፤ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረበችልኝ። እናቷ ካረፉ ቆይቷል። ስለዚያ ቀን ስናወራ ቅኔውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሏ ወጣችልኝ፤ እየሳቀች።

«ያ ሰውዬ፣ ማን ነበር ስሙ?» አለችኝ ድንገት።

«ረሳሽው?»

«ኧረ ምን አስታውሶኝ! የልጅ ልጆች ይዤ የእሱን ስም ምን ልሠራው?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ፊቷን ያጣችው ስንዱ ረሳችው። እኔ፣ ከአንዲት ወረቀት ላይ ስሜ የቀረብኝ፣ እሱን ከነአባቱ ከነአያቱ እይዘዋለሁ። የማን ጤና ነው የሚሻል ብዬ ከሞጣ እስከ ብቸና በመኪናው መስኮት እያየሁ አሰብኩ፤ መልሱ አልጠፋኝም። ስንዱ ስሙን ስትጠይቀኝ እኔም ረስቼዋለሁ ብላት ኖሮ፣ ቂሜ ምናልባት በዚያው ያልቅ ነበር።

ስሙን ግን ነገርኳት። ደግሜም ነገርኳት።